የመጨረሻው ቃል የማን ነው? የአሜሪካ የጦር ጉዳተኞች የይግባኝ ታሪክ

አንድ ወታደር ከጦር ሜዳ ቆስሎ ወይም ታሞ ይመለስና «ተጎድቻለሁ፤ ካሳዬ ይሰጠኝ» ብሎ ለመንግሥት ያመለክታል። መንግሥት ደግሞ «አልተጎዳህም» ወይም «ሕመምህ ከአገልግሎትህ ጋር አይገናኝም» ብሎ ይመልሰዋል። ከዚያ በኋላ ወታደሩ ወዴት ይሂድ? አሜሪካ ለዚህ ጥያቄ «ወደ ፍርድ ቤት» የሚል መልስ የሰጠችው ነፃነቷን ካወጀች ከ212 ዓመት በኋላ፣ በ1988 ነው። በመካከሉ ያለው ዘመን የመጨረሻውን ቃል ማን ይናገር በሚል ክርክር አለፈ። ክርክሩን ወደፊት የገፉት «አይገባህም» ተብለው ዝም ያላሉ ዘማቾችና ቤተሰቦቻቸው ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የ1792ቱ እምቢታ

ካሳውን የሚፈቅደው ሕግ ከአገሪቱ ጋር እኩል ዕድሜ አለው። የነፃነት አዋጁ ከወጣ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ኦገስት 26 ቀን 1776፣ አህጉራዊው ኮንግረስ እጁን ወይም እግሩን ያጣ፣ ወይም ሠርቶ መብላት ያቃተው መኮንንም ሆነ ተራ ወታደር የደመወዙን ግማሽ ዕድሜ ልኩን እንዲያገኝ ደነገገ። ካዝናው ግን ባዶ ነበር፤ ክፍያው ለየግዛቶቹ ተተወ።

አዲሱ ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ኮንግረስ በማርች 1792 ሌላ ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት የጉዳተኞቹን ማመልከቻ የሚመረምሩት የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኞች ሆኑ። ዳኞቹ የሰውየውን ቁስል አይተውና ማስረጃውን ሰምተው «ይገባዋል» ወይም «አይገባውም» ብለው ለጦር ሚኒስትሩ ለሄንሪ ኖክስ ይጽፋሉ። ሚኒስትሩ ማጭበርበር ወይም ስህተት አለ ብሎ ከጠረጠረ ግን የሰውየውን ስም ከዝርዝሩ ማስቀረትና ጉዳዩን ለኮንግረስ ማሳወቅ ይችላል።

ዊልያም ሄይበርን ማመልከቻውን ይዞ የፔንስልቬንያው ችሎት ፊት የቀረበው በዚያው ዓመት በኤፕሪል ነው። ጄምስ ዊልሰን፣ ጆን ብሌር እና ሪቻርድ ፒተርስ የተሰየሙበት ችሎት ጉዳዩን አላይም አለ። ዳኞቹ ለፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን በጻፉት ደብዳቤ፣ አንድ ሚኒስትር ሊሽረው የሚችል ውሳኔ የፍርድ ቤት ውሳኔ አይደለም ሲሉ ምክንያታቸውን አስረዱ። የኒውዮርኩ ችሎት በበኩሉ በዳኝነት ሳይሆን በመርማሪነት ሥራውን ለመሥራት ተስማማ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢደርስም ፍርድ ሳይሰጥበት ኮንግረስ በ1793 ሕጉን አሻሻለውና ዳኞቹን ከውሳኔ ሰጪነት አወጣቸው።

የዳኞቹ መርህ ትክክል ነበር፤ የአሜሪካ የሕግ ተማሪዎች እስከ ዛሬ ያጠኑታል። ለቆሰለው ሰው ግን ውጤቱ ከባድ ሆነ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የካሳ ጥያቄ የቢሮ ጉዳይ ሆነ፤ የመጨረሻው ቃልም የሹም ሆነ።

ስምንት ዶላርና የወረቀት ክምር

የእርስ በርስ ጦርነቱ በሁለተኛ ዓመቱ ላይ እያለ፣ ጁላይ 14 ቀን 1862፣ ኮንግረስ አዲስ የጉዳተኞች ጡረታ ሕግ አወጣ። ሙሉ በሙሉ መሥራት ያቃተው ተራ ወታደር በወር 8 ዶላር ይቆረጥለታል፤ ከሌተና ኮሎኔል ጀምሮ ወደ ላይ ያለ መኮንን 30 ዶላር ያገኛል። የጦርነቱ ቁስለኛ ብዙ ስለነበር አመልካቹም በዚያው ልክ በዛ። በ1887 የጡረታ ቢሮው ራሱን የቻለ ግዙፍ የቀይ ጡብ ሕንፃ ዋሽንግተን ላይ ተሠራለት። የሕንፃውን ወገብ ዙሪያውን የከበበው 365 ሜትር ገደማ የሚረዝም የሸክላ ቅርጽ እግረኞችን፣ ፈረሰኞችን፣ መርከበኞችንና ቁስለኞችን በሰልፍ ያሳያል። ሕንፃው ዛሬ ሙዚየም ነው።

በሕንፃው ውስጥ የሚፈለገው ወረቀት ነበር። አመልካቹ የት፣ መቼና እንዴት እንደተጎዳ የሚመሰክርለት መኮንን ወይም ጓድ ማቅረብ አለበት፤ ያከመው ሐኪም ይጽፍለታል፤ ከዚያም ቢሮው የመረጣቸው ሐኪሞች ይመረምሩታል። አዛዡ ሞቶ፣ ጓዶቹ በየአገሩ ተበትነው፣ የሆስፒታሉ መዝገብ ጠፍቶ ከሆነ ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል። ይግባኝ የሚባለው ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ነው፤ እሱም እምቢ ካለ የቀረው መንገድ አንድ የኮንግረስ አባል ለምኖ በስም የተጻፈ ልዩ ሕግ ማስወጣት ነው። እንዲህ ያሉት ሕጎች በመቶዎች እየወጡ ፕሬዚዳንቱ ጠረጴዛ ላይ ይከመሩ ነበር። ግሮቨር ክሊቭላንድ በመጀመሪያው የሥልጣን ዘመኑ ብቻ ከ200 በላይ የሚሆኑትን አልፈርምም ብሎ መልሷል።

ወረቀት የሌለው ሰው ሁሉ የሚደርስበት ይህ ነበር፤ ከባርነት ነፃ ወጥተው በተሰለፉት ጥቁር ወታደሮች ላይ ግን ሸክሙ እጥፍ ሆነ። በባርነት የተወለደ ሰው የልደት መዝገብ የለውም፤ በባርነት የተጋቡ ባልና ሚስት የጋብቻ ወረቀት የላቸውም። ሀሪየት ተብማን ያየችው መከራ ይህን በግልጽ ያሳያል። ተብማን በጦርነቱ ጊዜ በሳውዝ ካሮላይና ነርስ፣ ምግብ አብሳይና ሰላይ ሆና የሰሜኑን ጦር አገልግላለች፤ በጁን 1863 በኮምባሂ ወንዝ ላይ ከ700 በላይ ባሮች ነፃ በወጡበት ዘመቻ መንገድ መርታለች። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ግን ለራሷ አገልግሎት የጠየቀችው ክፍያ ለ30 ዓመት ያህል ሲንከባለል ኖረ። በ1895 በወር 8 ዶላር የተፈቀደላት የሟች ወታደር ሚስት በመሆኗ ነው። ደጋፊዎቿ ተስፋ ስላልቆረጡ በ1899 ኮንግረስ በስሟ ልዩ ሕግ አውጥቶ በነርስነቷ 12 ዶላር ጨመረላትና ጡረታዋ 20 ዶላር ደረሰ። በሰላይነት ለሠራችው ሥራ የተቆረጠላት ነገር የለም። እስከ ዕለተ ሞቷ፣ እስከ 1913 ድረስ፣ የተቀበለችው ይህንኑ ነው።

በዚሁ ዘመን የወጣ አንድ ድንጋጌ ከሁሉም በላይ ረጅም ዕድሜ አገኘ። ወታደሮችን የሚበዘብዙ ነገረ ፈጆች በዝተው ስለነበር ኮንግረስ በ1862 የጠበቃን ክፍያ በ5 ዶላር ወሰነ፤ በ1864 ወደ 10 ዶላር ከፍ አደረገው። ያኔ 10 ዶላር ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ገደቡ ግን ከ120 ዓመት በላይ ሳይነሣ ቆየ፤ ዶላሩ እየረከሰ ሲሄድ አሥር ዶላር የሚቀበል ጠበቃ ጠፋ። ወታደሩን እንዲጠብቅ የወጣ ሕግ ወታደሩን ያለ ጠበቃ አስቀረው።

በሩ ሲዘጋ

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አዲስ ዓይነት ጉዳተኛ ይዞ መጣ። ሳንባው በመርዝ ጋዝ የተጎዳ፣ በምሽግ ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ የያዘው፣ በመድፍ ድምፅ አእምሮው የታወከ ወታደር ቁስሉ በዓይን አይታይም። ሕመሙም ብዙ ጊዜ የሚብሰው ከተሰናበተ በኋላ ነው። ኮንግረስ በ1921 አንድ መፍትሔ አበጀ። ወታደሩ በተሰናበተ በሁለት ዓመት ውስጥ ነቀርሳ ወይም የአእምሮ ሕመም ከታየበት፣ ሕመሙ ከአገልግሎቱ የመጣ ነው የሚል የሕግ ግምት ይወሰድለታል፤ «አይደለም» ብሎ ማስረዳት የመንግሥት ፈንታ ይሆናል። ይህ የሕግ ግምት የሚባለው ነገር ከሰባና ከመቶ ዓመት በኋላ ለሌሎች ዘማቾች ትልቁ መሣሪያ ሆኗል።

በዚያው በ1921 የዘማቾችን ጉዳይ አንድ ላይ የያዘ ቢሮ ተቋቋመ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ቻርልስ ፎርብስ ለሆስፒታል የተመደበውን ገንዘብና ንብረት በማጭበርበር ተከሶ በ1925 ተፈረደበት፤ በኋላም እስር ቤት ገባ። በ1930 ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር የተበታተኑትን መሥሪያ ቤቶች ጠቅልለው የዘማቾች አስተዳደርን መሠረቱ። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ቪኤ የሚባለው ይህ መሥሪያ ቤት ነው።

ከዚያ 1933 መጣ። አገሪቱ በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ውስጥ ነበረች። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ሥልጣን በያዙ በወሩ ውስጥ፣ ማርች 20 ቀን፣ የቁጠባ ሕግ የተባለው ወጣና የዘማቾች ጥቅማ ጥቅም በብዙ ተቀነሰ። ሕጉ ከገንዘቡ ይልቅ በሌላ አንቀጹ ረጅም ጥላ ጥሏል፤ መሥሪያ ቤቱ በካሳ ጉዳይ የሚሰጠው ውሳኔ የመጨረሻ ነው፣ ማንም ፍርድ ቤት ሊያየው አይችልም አለ። በምትኩ ሩዝቬልት በዚያው ዓመት ጁላይ 28 በፈረሙት ትእዛዝ የዘማቾች ይግባኝ ቦርድ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ተቋቋመ።

ቁጣው ከባድ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ኮንግረስ የሩዝቬልትን ተቃውሞ በድምፅ ብልጫ ሽሮ ከተቀነሰው ገንዘብ ከፊሉን መለሰ። የተዘጋውን የፍርድ ቤት በር ግን ማንም አልከፈተውም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ከኮሪያና ከቬትናም የተመለሰው ዘማች ሁሉ ያገኘው ይህንኑ ሥርዓት ነው፤ ከልካዩ መሥሪያ ቤት፣ ይግባኝ ሰሚው ደግሞ የዚያው መሥሪያ ቤት ቦርድ።

የተቃጠለው ፋይል

ጁላይ 12 ቀን 1973 ሌሊት ሴንት ሉዊስ አጠገብ በሚገኘው የብሔራዊ የወታደሮች መዝገብ ቤት ስድስተኛ ፎቅ ላይ እሳት ተነሣ። የውሃ መርጫ አልነበረውም። እሳቱን ለማጥፋት ቀናት ፈጀ። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ የግል ማኅደር ጠፋ፤ ከ1912 እስከ 1960 ከተሰናበቱት የምድር ጦር አባላት ፋይል 80 በመቶው አመድ ሆነ። ቅጂ አልተያዘም ነበር። ከእሳቱ የተረፉት፣ ጠርዛቸው የከሰለና በእሳት አጥፊዎች ውሃ የራሱ ወረቀቶች ዛሬም በባለሙያ እጅ አንድ በአንድ እየተጸዱ ይነበባሉ።

ፋይሉ የተቃጠለበት ዘማች «በአገልግሎት ዘመንህ ስለመታመምህ መዝገብ የለም» የሚል መልስ ይደርሰው ነበር። ጉድለቱን ለመሙላት የጓዶቹን ምስክርነት፣ በጊዜው ለቤተሰቡ የጻፈውን ደብዳቤ፣ የዩኒት የዕለት መዝገብን፣ የድሮ ፎቶግራፍን ማፈላለግ ግድ ሆነበት።

በዚሁ ዘመን ኦርቪል ኬሊ የተባለ የአዮዋ ሰው ከይግባኝ ቦርዱ ጋር ይሟገት ነበር። ኬሊ በ1958 በፓስፊክ ውቅያኖስ በኤኒዌቶክ ደሴቶች የአንዷ፣ የጃፕታን፣ አዛዥ ሆኖ ሲያገለግል 22 የኑክሌር ፍንዳታዎችን አይቷል። በ1973 የሊምፍ ካንሰር ተገኘበት። ለመሥሪያ ቤቱ አመለከተ፤ ተከለከለ። ደግሞ አመለከተ፤ ደግሞ ተከለከለ። ካንሰሩ ከጨረሩ ስለመምጣቱ ማስረጃ የለም ነበር መልሱ። ከ1945 እስከ 1962 በተደረጉት የአየር ላይ ሙከራዎች የተሳተፉት ወታደሮች ከ200,000 በላይ ስለነበሩ ለእሱ «አዎ» ማለት ለብዙዎች በር መክፈት ነበር።

ኬሊ ሕክምናው ላይ እያለ ከባለቤቱ ከዋንዳ ጋር በ1979 የአቶሚክ ዘማቾች ብሔራዊ ማኅበርን መሠረተ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ቦርዱ የቀድሞ ውሳኔዎችን ሽሮ ፈቀደለት። በሚቀጥለው ዓመት በጁን አረፈ። ከእሱ ሞት ስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1988፣ በጨረር ለተጋለጡ ዘማቾች በተወሰኑ የካንሰር ዓይነቶች የሕግ ግምት የሚሰጥ ሕግ ወጣ።

ብርቱካናማው በርሜልና አሥሩ ዶላር

በ1977 የመሥሪያ ቤቱ የቺካጎ ቅርንጫፍ አማካሪ የሆነችው ሞድ ደቪክተር ባሏ በካንሰር እየሞተባት የነበረች አንዲት ሴት የነገረቻትን ሰማች። ባልየው ቬትናም ውስጥ ይረጭ የነበረው ኬሚካል ነው የገደለኝ ይላል። ደቪክተር ራሷም የባሕር ኃይል ዘማች ነበረች፤ ነገሩን አላለፈችውም። ሌሎች ዘማቾችን እየጠየቀች ስምና ሕመም መዘገበች። አለቆቿ እንድታቆም ነገሯት። መረጃው ግን በ1978 በቺካጎ ቴሌቪዥን ወጣ፤ ኤጀንት ኦሬንጅ የሚለው ስም፣ በበርሜሉ ላይ ካለው ብርቱካናማ ቀለበት የተወሰደው፣ በየቤቱ ተሰማ።

የአሜሪካ ጦር ከ1962 እስከ 1971 በቬትናም ላይ ከ70 ሚሊዮን ሊትር በላይ ፀረ አረም ረጭቷል፤ ትልቁ ድርሻ የኤጀንት ኦሬንጅ ነው። ዘማቾቹ ኬሚካሉን ያመረቱ ኩባንያዎችን ከሰው በ1984 በ180 ሚሊዮን ዶላር ታረቁ። በመሥሪያ ቤቱ በኩል ግን በ1985 የወጣው መመሪያ ከኬሚካሉ ጋር የሚያያዝ አንድ ሕመም ብቻ አወቀ፤ እሱም ክሎራክኒ የሚባል የቆዳ ሕመም ነው። ካንሰር ያለበት ሁሉ እየተከለከለ ተመለሰ።

ጠበቃ ለመያዝስ? በ1985 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ10 ዶላሩን ገደብ ሕገ መንግሥታዊ ነው ብሎ አጸናው። ጉዳዩን ያመጡት የጨረር ተጎጂዎች ነበሩ። በፍርዱ የተጠቀሱት ቁጥሮች ሥርዓቱ ምን ይመስል እንደነበር ይናገራሉ። በ1978 በጀት ዓመት 58 ቅርንጫፎች 800,000 ያህል ማመልከቻ ወሰኑ። ከ400,000 በላይ የሆኑት ተፈቀዱ፤ 379,000 ያህሉ ውድቅ ሆኑ። እስከ ቦርዱ የዘለቁት 36,000 ያህል ብቻ ነበሩ፤ ከእነሱም የረቱት 4,500 ገደማ ናቸው። አብዛኛው የተከለከለ ሰው ውሳኔውን ተቀብሎ ቤቱ ገብቷል ማለት ነው።

ሴኔቱ ለፍርድ ቤት በር የሚከፍት ረቂቅ በተደጋጋሚ ቢያሳልፍም የተወካዮች ምክር ቤት ለዓመታት ሳይቀበለው ቆየ። የዘማቾች ኮሚቴው ሊቀ መንበር ሶኒ ሞንትጎመሪ ነባሩ አሠራር ለስላሳና ከጠበቆች ግርግር የጸዳ ነው ብለው ያምኑ ነበር። የቬትናም ዘማቾች ደግሞ ዳኛ የማያየው ውሳኔ ፍትሕ አይባልም አሉ። በስተመጨረሻ ኖቬምበር 18 ቀን 1988 ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን የዘማቾችን የፍርድ ቤት ይግባኝ ሕግ ፈረሙ። ሕጉ የዘማቾችን ይግባኝ ብቻ የሚያይ ነፃ ፌዴራል ፍርድ ቤት አቋቋመ፤ የ10 ዶላሩም ገደብ ከ124 ዓመት በኋላ ተነሣ።

በማግሥቱ ዓመት፣ በሜይ 1989፣ የካሊፎርኒያው ፌዴራል ዳኛ ቴልተን ሄንደርሰን ነህመር በተባለው መዝገብ የ1985ቱን የኤጀንት ኦሬንጅ መመሪያ ሻሩት። በመመሪያው የተከለከሉ ከ30,000 በላይ ውሳኔዎች አብረው ወደቁ። የዘማቾች ጉዳይ ሚኒስትሩ ኤድዋርድ ደርዊንስኪ ይግባኝ አንልም አሉ። በፌብሩዋሪ 1991 የወጣው የኤጀንት ኦሬንጅ ሕግ ብሔራዊው የሳይንስ አካዳሚ ስለ ኬሚካሉ የተደረጉ ጥናቶችን በየጊዜው እንዲመረምር አዘዘ፤ ሕመሞቹም አንድ በአንድ በሕግ ግምት ዝርዝር ውስጥ ገቡ። በ2010 የልብ ደም ሥር ሕመምና ፓርኪንሰን ተጨመሩ።

ፍርድ ቤቱ ሥራ ሲጀምር

አዲሱ ፍርድ ቤት ኦክቶበር 1989 ሥራ ጀመረ፤ የመጀመሪያው ዋና ዳኛ ፍራንክ ነቤከር ነበሩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሰጣቸው ፍርዶች የየቅርንጫፉን አሠራር ነክተዋል። በ1990 በጊልበርት መዝገብ ማስረጃው እኩል ለእኩል ከሆነ ጥርጣሬው ለወታደሩ እንደሚተረጎም፣ ቦርዱም የወሰነበትን ምክንያት በግልጽ መጻፍ እንዳለበት ተናገረ። በ1991 በኮልቪን መዝገብ የቦርድ አባላት በራሳቸው የሕክምና ግምት መወሰን እንደማይችሉ፣ የሐኪም ማስረጃ መጥቀስ እንዳለባቸው ፈረደ። በዚያው ዓመት በኦሄር መዝገብ ፋይሉ በመንግሥት እጅ ለጠፋበት ዘማች ቦርዱ የበለጠ መጠንቀቅ አለበት አለ። የሴንት ሉዊሱን እሳት ተጎጂዎች ከ18 ዓመት በኋላ ዳኛ ሰማቸው።

ዛሬ ማንኛውም የክልከላ ደብዳቤ የሚነበብበት መንገድ የተቀረጸው በእነዚህ ዓመታት ነው። ጥያቄው በሦስት እግር ይቆማል። አንደኛ፣ አሁን ያለ በሐኪም የተረጋገጠ ሕመም። ሁለተኛ፣ በአገልግሎት ዘመን የደረሰ ጉዳት፣ ሕመም ወይም ክስተት። ሦስተኛ፣ ሁለቱን የሚያያይዝ ማስረጃ። ብዙዎቹ ማመልከቻዎች የሚሰናከሉት ሦስተኛው ላይ ነው። ሐኪሙ «ሕመሙ ከአገልግሎቱ የመጣ ሊሆን ይችላል» ብሎ ከጻፈ ግምት ነው ተብሎ ይጣላል። «ከአገልግሎቱ የመምጣቱ ዕድል ካለመምጣቱ ዕድል ቢያንስ እኩል ነው» ብሎ፣ ፋይሉን ማንበቡን ጠቅሶና ምክንያቱን አስረድቶ ከጻፈ ግን ያው ሐኪም፣ ስለ ያው ሕመም፣ መዝገቡን ሊያስለውጠው ይችላል።

የፍርድ ቤቱ በር መከፈቱ በራሱ ሁሉን አላስተካከለም። ዴቪድ ሄንደርሰን ውትድርና የገባው በ1950 ነው፤ የእኛዎቹ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከአሜሪካ ሰባተኛ ክፍለ ጦር ጋር በተሰለፉበት በኮሪያ ጦርነት ዘመን ማለት ነው። በ1952 ተሰናበተ፤ በ1992 መሥሪያ ቤቱ በከባድ የአእምሮ ሕመም መቶ በመቶ ጉዳተኛ አለው። በ2001 ቤቱ ሆኖ የሚንከባከበው ሰው የሚቀጥርበት ተጨማሪ ክፍያ ጠየቀ፤ ቦርዱ በ2004 ከለከለው። ለፍርድ ቤት ይግባኝ ማለቻው 120 ቀን ነው። ሄንደርሰን 15 ቀን አሳለፈ፤ ምክንያቱም ያው የተከፈለበት ሕመም ነው አለ። ፍርድ ቤቱ ግን ቀኑ አልፏል ብሎ መዝገቡን ዘጋ፤ የበላይ ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ማርች 1 ቀን 2011 በሙሉ ድምፅ ሻረውና የጊዜ ገደቡ በሩን ጠርቅሞ የሚዘጋ አይደለም አለ። ሄንደርሰን ፍርዱን አልሰማም፤ ከወራት በፊት፣ በኦክቶበር 2010፣ ሞቷል።

የቬትናም ባሕር ላይ የነበሩትም እንዲሁ ረጅም መንገድ ሄዱ። መሥሪያ ቤቱ በ2002 አሠራሩን ለውጦ ባሕር ላይ የነበረ ሰው የኤጀንት ኦሬንጅን የሕግ ግምት የሚያገኘው የቬትናምን መሬት ከረገጠ ብቻ ነው አለ። በጥይት ጫኝ መርከብ ያገለገለው ጆናታን ሃስ በ2006 በዘማቾቹ ፍርድ ቤት ረታ፤ በ2008 በበላይ ፍርድ ቤት ተረታ። ጉዳዩ የተዘጋ መሰለ። ሆኖም ኢንትረፒድ በተባለችው አውሮፕላን ጫኝ መርከብ ላይ የነበረው አልፍሬድ ፕሮኮፒዮ በ2009 ሲከለከል ትግሉን ቀጠለ። ጃንዋሪ 29 ቀን 2019 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሙሉ ችሎት የሃስን ፍርድ ሽሮ «የቬትናም ሪፐብሊክ» ሲባል ከጠረፉ 12 የባሕር ማይል ድረስ ያለውን ውሃ ይጨምራል አለ። በዚያው ዓመት በጁን ኮንግረስ ይህንኑ በሕግ አጸና።

ሦስቱ መንገዶች

በ2017 በይግባኝ ላይ ያሉት መዝገቦች ወደ 470,000 ደርሰው ነበር። አንድ ይግባኝ በአማካይ ሦስት ዓመት ይፈጅ ነበር፤ ቦርድ ከደረሰ ሰባት ዓመት። ውሳኔውን ሳይሰሙ የሚሞቱ ብዙ ነበሩ። በዚያ ዓመት ኦገስት 23 የተፈረመውና ከፌብሩዋሪ 19 ቀን 2019 ጀምሮ የሚሠራው የይግባኝ ማሻሻያ ሕግ ለተከለከለ ሰው ሦስት መንገድ ሰጠው። አዲስ ማስረጃ ካለው ማሟያ ማመልከቻ ያቀርባል። አዲስ ማስረጃ ሳይኖረው ስህተት ተሠርቷል የሚል ከሆነ ከፍ ያለ ልምድ ያለው ሌላ ባለሙያ መዝገቡን እንደገና እንዲያየው ይጠይቃል። አለዚያ በቀጥታ ቦርዱ ዘንድ ይሄዳል፤ እዚያም በመዝገቡ ብቻ፣ በተጨማሪ ማስረጃ፣ ወይም በቃል ክርክር መምረጥ ይችላል። በአንደኛው ባይሳካለት ወደ ሌላው መሻገር አይከለከልም። በአንድ ዓመት ውስጥ እርምጃ ከወሰደ ካሳው የሚታሰብለት ከመጀመሪያው ማመልከቻ ቀን ጀምሮ ነው።

የኢራቅና የአፍጋኒስታን ዘማቾች ደግሞ የኤጀንት ኦሬንጅን ታሪክ ደግመው ኖሩት። በየጦር ሰፈሩ ቆሻሻ በጄት ነዳጅ እየተለኮሰ ይቃጠል ነበር፤ ኢራቅ ውስጥ ባላድ ከሚባለው ሰፈር የሚነሣው ጭስ ከሩቅ ይታይ ነበር። ከ2007 እስከ 2020 አጋማሽ በጭሱ ምክንያት ከቀረቡት 12,582 ማመልከቻዎች የተፈቀዱት 2,828 ናቸው። ከኦሃዮ ብሔራዊ ጥበቃ የዘመተው ሂዝ ሮቢንሰን በ2020 በሳንባ ካንሰር ሞተ። በስሙ የተጠራውና ፓክት አክት የሚባለው ሕግ ኦገስት 10 ቀን 2022 ሲፈረም ከ20 በላይ ሕመሞች የሕግ ግምት አገኙ። ከዚያ በፊት የተከለከለ ሰውም እንደገና የማመልከት መብት ተሰጠው።

የ1792ቱ ጥያቄ ግን አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። በማርች 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ7 ለ2 ድምፅ በወሰነው የባፍኪን መዝገብ፣ ማስረጃው እኩል ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ቦርዱ ከወሰነ የዘማቾች ፍርድ ቤት ሊነካው የሚችለው ግልጽ ስህተት ሲያይ ብቻ ነው ተብሏል። ስለዚህ ጉዳዩ የሚሸነፈውም የሚረታውም በአብዛኛው ከፍርድ ቤቱ በፊት፣ ማስረጃው በሚሰበሰብበት ደረጃ ላይ ነው።

በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገላችሁና ዛሬም የምታገለግሉ ኢትዮጵያውያን፣ ትውልደ ኢትዮጵያውያንና ቤተሰቦቻችሁ ይህን ታሪክ እንደ ሰው ታሪክ አትለፉት። የክልከላ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ቀኑን እዩ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት አላችሁ፤ ከቦርዱ ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ ግን 120 ቀን ብቻ ነው። ከሦስቱ እግሮች የጎደለው የትኛው እንደሆነ ደብዳቤው ውስጥ ተጽፏልና ፈልጉት። አብሯችሁ ያገለገለ ጓድ ያየውን እንዲጽፍላችሁ፣ ሐኪማችሁም ምክንያቱን ዘርዝሮ እንዲጽፍ ጠይቁ። በመሥሪያ ቤቱ ዕውቅና ያላቸው የዘማቾች ማኅበራት ተወካዮች መዝገባችሁን ያለ ክፍያ ይዘው ይከራከሩላችኋል። ዕውቅና ሳይኖረው «አስጨርስላችኋለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ግን አትቀበሉ፤ ሕጉ አይፈቅድለትም።